የማንያዘዋል ታንኳ

ማንያዘዋል ተክሌ መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። የነገረኝ ድሮ ደብረ ብርሃን ያስተማርኩት፣ አሁን እሱም ሽበት የወረሰው ሰው ሲሆን፣ ወሬውን አድርሶ ሲያበቃ ፊቴን እያየ ሐዘኔን ይጠብቅ ነበር። «ነፍስ ይማር» አልኩ። ሟችን አንቱ ብሎ ማንሣት ወግ መሆኑን አውቃለሁ፤ በዕድሜም ሃያ ዓመት ያህል ይበልጠኝ ስለ ነበር በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ብዕር ስይዝ ግን ያ አንቱታ ከእጄ አልወጣ አለ። ያን ሰው አልወደውም ነበር። አሁንም አልወደውም። በዕድሜዬ ካገኘኋቸው ደጋግ ሰዎች ስንቱን ረስቼ እሱን አለመርሳቴ ራሱ ያናድደኛል።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ትዝታዬን ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ይህን ታሪክ ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ለራሴ ግን ስንት ጊዜ እንደ ነገርኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ በነገርኩት ቁጥርም ጥቂት ጥቂት ለራሴ ሳላዳላ አልቀረሁም። ስለዚህ አንባቢ እኔን የሚያስመሰግን ነገር ባገኘ ጊዜ ይጠርጥር።

ኮሌጅ ጨርሼ ደብረ ብርሃን በመምህርነት ስመደብ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንዲት ክፍል የተከራየሁት በደሴ መንገድ ዳር፣ ከማንያዘዋል ጋራዥ ጋር አጥር በሚጋራ ግቢ ውስጥ ነው። ጋራዥ ይባል እንጂ አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ቆርቆሮና ከሥሩ በዘይት የጠቆረ መሬት ነበር። ማንያዘዋል የሳምንቱን እኩሌታ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ወደ ደሴ ይነዳል፤ የቀረውን እኩሌታ በዚያ ቆርቆሮ ሥር ያሳልፋል። ረጅም፣ አጥንቱ የወጣ ሰው ነው። በሰማያዊ ቱታው ላይ የመንዝ በግ ለምድ ይደርባል። የታመመ ሞተር ሲመጣለት የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ከሞተሩ ላይ አሳርፎ እጀታውን በጥርሱ ይነክስና ዓይኑን ይጨፍናል። ጥቂት ቆይቶ፣ «ሦስተኛዋ ሲሊንደር ናት፤ ቫልቩ አልዘጋ ብሏታል» ይላል። ሲከፈት ሦስተኛዋ ናት። በዚህ ሲሳሳት ያየሁበት ቀን የለም። የፊት ጥርሶቹ ተሸራርፈው ያለቁት በዚሁ ነው።

ብረትን እንዲያ የሚያዳምጥ ሰው ለሰው ጆሮ አልነበረውም። በመጣሁ በማግሥቱ በአጥሩ ላይ ሰላም አልኩት።

«እንደምን አደሩ? አዲሱ መምህር ነኝ።»

«ምን ታስተምራለህ?»

«ጂኦግራፊ።»

«ምንድነው እሱ?»

«ስለ ዓለም ነው። አገሮች፣ ተራሮች፣ ወንዞች…»

«ዓለምን ዞረሃታል?»

«አልዞርኳትም።»

«ታዲያ በምን አወቅሃት?»

«በመጽሐፍ ነዋ።»

«ወረቀት» አለ ወደ ሥራው እየተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ደመና ባየ ቁጥር፣ «ወረቀት፣ ግባ እንጂ! ልትረጥብ ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይስቃል። ስሙ ወደ ተማሪዎቼ ለመዝለቅ ሳምንት አልፈጀበትም። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ አንዱ ወረቀት ሲያንኮሻኩሽ ክፍሉ በሙሉ ይፈነዳል። እንግዲህ ጠባችን የተጀመረው በዚህ ነው፤ ቢያንስ እኔ በዚህ ነው የምለው።

ያ ሰው በዓለም ላይ የሚወደው ነገር ሁለት ነበር፤ ሚስቱና አንዲት መኪና። መኪናዋን ያገኛት ከጣርማ በር በታች ካለው ገደል ነው። አንድ ጣሊያን ገልብጧት ራሱ ብቻ ተርፎ ሲሄድ፣ ማንያዘዋል ሬሳዋን በስምንት በሬ አስጎትቶ አወጣት። ያኔ እኔ በአገሩ አልነበርኩም፤ ሆኖም በሬዎቹ በጉም ውስጥ ሲያለከልኩ የማየት ያህል ይታየኛል፤ ትዝታዬን የማላምነው ለዚህ ነው። የሚሠራትን መኪና መልክ ግን ቀደም ብሎ ያውቀው ነበር። መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት አንድ የውጭ አገር ሰው፣ ሞተሩን ካስነሣለት በኋላ ምን ልክፈልህ ቢለው፣ ማንያዘዋል ኋላ ወንበር ላይ ከተጣለ መጽሔት አንድ ገጽ ገንጥሎ ወሰደ እንጂ ሌላ አልጠየቀም። በገጹ ላይ ጣሪያ የሌላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ወገቧ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ ቀይ የስፖርት መኪና አለች። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። ማንያዘዋል ገጹን በመስታወት አስገብቶ፣ ሌላው ሰው የቅዱሳን ሥዕል በሚሰቅልበት ከፍታ ምሰሶው ላይ ሰቀለው።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ያችን ጣሊያን ሠራሽ መኪና ወደ ሥዕሉ ሲያመጣት ኖረ። ጣሪያዋን ቆርጦ ጣለ። የነዳጅ በርሜል ሰንጥቆ፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጠ አዲስ ገላ አወጣላት። ሜትር አይጠቀምም፤ በስንዝርና በክንድ ይለካል፤ ግራና ቀኟ ግን በጣት ውፍረት እንኳ አይበላለጥም ነበር። ሚስቱ እትዬ አስካለ ከጥቁር በግ ለምድ የወንበር ልብስ ሰፋችላት። ከተማው በዚህ ሁሉ ይሳለቅ ነበር። ቅርጿን አይተው ታንኳ አሏት።

«ማንያዘዋል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጣሪያ የሌለው መኪና? ውርጩን ነው የምታሳፍረው?»

«አንተን ከማሳፍር ውርጩን ባሳፍር ይሻለኛል። ውርጭ አፍ የለውም።»

እኔም በመስኮቴ እያየሁ አብሬ እስቅ ነበር።

መኪናዋ የጨዋታ ነገር አለመሆኗን የነገረችኝ እትዬ አስካለ ናት። አባቷ መሪጌታ ጥበቡ የአንኮበር ካህን ናቸው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከአባት ወደ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል የኖረ ነው። ማንያዘዋል ሽማግሌ ሲልክ፣ መሪጌታ፣ «የሰው ጋሪ እየነዳ በሰው ጋሪ የሚያድር ሰው ልጄን አይወስዳትም። በገዛ እጁ የሠራው፣ የራሴ የሚለው ነገር ሲኖረው ይምጣ» ብለው መለሷቸው። አስካለ ግን ተከትላው ወጣች። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት የአባቷን ደጅ አልረገጠችም፤ ምርቃታቸውንም አላገኘችም። ማንያዘዋልም በበኩሉ፣ በራሱ እጅ በሠራው መኪና፣ እሷን ከጎኑ አስቀምጦ ካልሆነ በቀር አንኮበር አልገባም ብሎ ምሏል። መሪጌታ አርጅተዋል። «እንግዲህ እሱ በመዶሻው ይቀጠቅጣል፤ አባባ ደግሞ ዕድሜያቸውን ይቆጥራሉ» አለችኝ አስካለ፣ መርፌዋን ከለምዱ እያወጣች። «ማን ይቀድም እንደሆነ አንድዬ ያውቃል።»

ይህን እያወቅሁ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት። ስለዚህ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

በሁለተኛው ዓመቴ መጀመሪያ ላይ ከደብረ ሲና ስመለስ መኪና አጣሁና ማንያዘዋል በጭነት መኪናው ጋቢና ጫነኝ። ዳገቱን ጨርሰን ወደ ጣርማ በሩ ዋሻ ስንቃረብ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ዝም ብል ምን ነበረበት! እኔ ግን የተማርኩ ነኝና ተናገርኩ።

«ጣሊያኖች ይህን ዋሻ መሥራታቸው የሚያስደንቅ ነው።»

«ጣሊያን ምን ሠራ? ጣሊያንማ ኮቱን ደርቦ ቆሞ ያይ ነበር። የፈለጥነው እኛ ነን። እነዚህ እጆች ናቸው።»

«ጉልበቱ የእናንተ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድን ሥራ ሠራ የሚባለው ያሰበው፣ ነድፎ በወረቀት ያወጣው መሐንዲስ ነው።»

ፍሬኑን ረገጠ። እጁን በፊቴ አሳልፎ በሬን ከፈተው።

«ውረድ።»

«ምን?»

«ውረድ እንጂ! በል እንግዲህ፣ ዋሻውን በወረቀት አቋርጠው።»

ይቀልዳል ብዬ ወረድኩ። መኪናው የኋላ መብራቱን እያበራ ዋሻው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ያን ዋሻ ውኃ በሚያንጠባጥብ ጨለማ ግድግዳውን በእጄ እየዳበስኩ አቋረጥኩት፤ ከዚያም በጉሙ ውስጥ በእግሬ እስከ መዘዞ ከተማ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለት የጭነት መኪና አልፎኛል፤ አንዱም አልቆመልኝም። በሳምንቱ ሳንባዬን ታምሜ ተኛሁ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሊጠይቁኝ መጥተው አዝነው ሲወጡ፣ በር ላይ አንዱ፣ «ዋሻውን በወረቀት…» ብሎ ሌላው ሲስቅ ሰማሁት።

ባሏ ሳያውቅ ይሁን እያወቀ እንጃ፣ እትዬ አስካለ በየቀኑ በጨርቅ በተጠቀለለ ዕቃ ትኩስ አጥሚት ታመጣልኝ ነበር። ስድን ምን ልስጥሽ አልኳት። «ያነበብከው ጋዜጣ ካለህ ስጠኝ፤ ቤቱ ጭቃው እየረገፈ አስቸገረኝ» አለች። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣልኝን ጋዜጣ እየሰበሰብኩ ሰጠኋት። በዱቄት ሙጫ ግድግዳው ላይ ስትለጥፍ አየኋት፤ ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱን ገልብጣ፣ አንዳንዱን አግድማ ነበር የለጠፈችው። ባሏም ፊደል አይለይም። ይህን ሲያወራ ግን አያፍርም ነበር፤ እንዲያውም ይኮራበታል።

የጥር ሚካኤል ዕለት አስካለ ምሳ ጠራችኝ። ያለ እሷ ልመና ያን ቤት አልረግጠውም ነበር። ማንያዘዋል ለወትሮው ባልሆነ ደስታ ተቀበለኝ። «ወረቀት፣ ና ተቀመጥ! ዛሬ አልሰድብህም፤ በዓል ነው» አለ። የጠጣው ጠላ ምላሱን ፈትቶለት ስለ ታንኳዋ ያወራ ጀመር። የቀረው አንድ ትልቅ ሥራ ነው። ጣሊያኖቹ መሪውን በግራ ነው ያስቀመጡት፤ ሥዕሏ ላይ ደግሞ በቀኝ ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን መኪና ሁሉ የመንገዱን ግራ ይዞ ነበር የሚሄደው፤ ስለዚህ መሪው በቀኝ የሆነ ነጂ ወደ መንገዱ መካከል ሆኖ ከፊት የሚመጣውን አጥርቶ ያያል።

«ነገ ግንባሯን እቆርጣለሁ» አለ፣ በእንጀራው ላይ በጣቱ መሥመር እየሠራ። «ዘንጉን፣ ፔዳሎቹን፣ ሁሉንም ወደ ቀኝ። ከተቆረጠ በኋላ መመለስ የለም። ፋሲካን አንኮበር ነው የምንውለው፣ አስካለ።»

እኔ ያን ጊዜ ዓይኔ ከራሱ በላይ፣ ከአልጋው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ ነበር። ከሰጠኋት ጋዜጣ አንዱ ቀጥ ብሎ ተለጥፏል። ከመጪው ክረምት መግቢያ ጀምሮ ተሽከርካሪ ሁሉ ግራውን ትቶ ቀኙን ይዞ እንዲሄድ መወሰኑን ይናገራል። ጋዜጣውን ከመስጠቴ በፊት አንብቤው እንደ ነበርና እንዳልነበር ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። እዚያ ተቀምጬ፣ ጉርሻዬን ይዤ ማንበቤን ግን አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ያለው የሚያጠራጥር ነው፤ ይህ አያጠራጥርም።

«ምንድነው የምታየው?» አለ ማንያዘዋል። «ግድግዳ ነው የሚበላው?»

«አይ፣ ጋዜጣውን ነው።»

«ምን ይላል?» አለች አስካለ። እጇ ላይ ያለውን ወጭት አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ዞር አለች። በእውነት ማወቅ ፈልጋ ነበር።

«የቆየ ወሬ ነው» አልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ የመጋዙ ድምፅ በአጥሩ በኩል ይሰማ ነበር። ቆሜ ትንሽ አዳመጥኩት። ያን ጊዜ እንኳ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ አንድ ቃል ብጮኽ ይደርስ ነበር። ትምህርት ቤት እንዳላረፍድ ብዬ ሄድኩ እላለሁ። ነገር ግን ያን ቀን አርፍጄ ነው የደረስኩት።

ማንያዘዋል የጭነት መኪናውን ሥራ ለሁለት ወር ተወው፤ ከጋራዡ አልወጣም፤ ከሾፌሮችም ጋር አልዋለም። ወሬው በመንገደኛ አፍ ደብረ ብርሃን ሲደርስ መጋቢት ተጋምሷል፤ መሪውም ቀኝ ዞሮ፣ ፔዳሎቹ ተበይደው፣ የተቆረጠው ግንባር ተለስኖ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሾፌሮቹ ሲነግሩት፣ «ሂዱ እናንተ! ነገ ደግሞ ጎማው ወደ ላይ ይሁን ይሏችኋል» ብሎ ሳቀባቸው። በመጨረሻ ታርጋ ሊጠይቅ ሄደ። የተሽከርካሪ መርማሪው መኪናዋን ዞሮ አይቶ፣ ሥራውን አድንቆ፣ «ሊዞር ነው መንገዱ፤ እንዲህ ሆና አላሳልፋትም። መሪዋን ወደ ግራ መልሰህ አምጣት» አለው። ታርጋ የሌለው መኪና ደግሞ የአንኮበርን ኬላ አያልፍም።

በፋሲካ ሰሞን የአስካለ ወንድም፣ ቄስ ነው፣ ከአንኮበር በበቅሎ መጣ። መሪጌታ ታመው አልጋ ላይ ዋሉ፤ ሕመሙም የሚነሡበት አይመስልም። ቄሱ ይህን ተናግሮ ሲቀመጥ፣ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ግድግዳውን በዓይኑ ማንበብ ጀመረ፤ ከዚያ በጣቱ ጠቆመና፣ «ይህ የመንገዱ ነገር እኮ እዚህ ተጽፏል! ከገና በፊት የወጣ ነው» አለ።

ማንያዘዋል ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። የረፍት ሰዓት ነበር፤ መምህራን በረንዳው ላይ ፀሐይ እንሞቃለን። በእጁ ከግድግዳው የተላጠ፣ በጀርባው የደረቀ ጭቃ የያዘ ጋዜጣ አለ። ፊቴ ላይ ዘረጋው።

«አንብበው።»

«አቶ ማንያዘዋል፣ ወደዚያ ዞር ብለን…»

«እዚሁ አንብበው። ጮክ ብለህ።»

አነበብኩት። ባልደረቦቼ ስለ ምን እንደሆነ አልገባቸውም።

«የሚካኤል ዕለት አስካለ ምን ይላል ብላ ስትጠይቅህ ምን አልካት?»

ጋዜጣውን መልሼ አጠፍኩት።

«እኔ ማንበብ አልችልም፤ አንተ ትችላለህ። በእኔና በአንተ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለ። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢመታኝ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «ለአንተ ዋሻው አልበቃህም ነበር ማለት ነው። ይሁን። አሁን አንድ ነገር ታደርጋለህ። ነገ በቅሎ አቀርብልሃለሁ፤ አንኮበር ወርደህ ለሽማግሌው ትነግራቸዋለህ። መኪናዋ አልቃለች፣ ሞተሯ ይሠራል፣ መሪዋን ለመመለስ ነው የዘገየው በላቸው። ለምን እንደ ዘገየም ንገራቸው። እኔ ብልክባቸው፣ የገዛ ልጃቸው ቄሱ ቢነግራቸውም አያምኑም። አንተን ያምኑሃል፤ የተማርክ ነህ።»

ሄድኩ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ባልደረቦቼ ፊት ግን አልቻልኩም። መንገዱ አንድ ቀን ሙሉ ወሰደ። በቅሎዋ ላይ ሆኜ የምናገረውን አሥር ጊዜ አዘጋጀሁት፤ ጥፋቴን የሚያሳንሱ ቃላት እየመረጥኩ፣ እየጣልኩ፣ እንደገና እያነሣሁ።

መሪጌታ ጥበቡ በመደብ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ተኝተው ነበር። ከእሳቸው ጋር አንዲት አሮጊት ዘመዳቸው ብቻ ነበረች። መምህር መሆኔን ሲሰሙ ለመነሣት ሞከሩ፤ እኔው ደግፌ አስተኛኋቸው። ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ደስ አላቸው። ቆይተው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አድርገው፣

«ያ ሰውዬ መኪና ይሠራል አሉኝ» አሉ።

«አዎን፣ አባቴ።»

«ታዲያስ? ይሄዳል?»

ጥያቄው ይህ ነበር። ይሄዳል ብል፣ ታዲያ ለምን አልመጣም ይሉኛል። መሪው ነው ብል፣ እንዴት ሳያውቅ ቀረ ይሉኛል። ሁሉም መንገድ ወደ እኔ ያመራል። «አይ፣ አባቴ፤ አይሠራም» አልኩ። ምናልባት «ገና ነው» ብዬ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት «ገና ነው» ብያለሁ ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬያለሁ። ነገር ግን ሽማግሌው ቀጥለው የተናገሩትን አስታውሳለሁ፤ እሱም ለ«ገና ነው» የሚሰጥ መልስ አይደለም።

«አላልኩም?» አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ደስታ አይባልም፤ ዕረፍት ነበር። ትክክል መሆናቸውን አውቀው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ስመለስ ማንያዘዋል ከመኪናዋ ሥር ተጋድሞ ነበር። ድምፄን ሲሰማ ወጣ፤ ወረቀት አላለኝም። አስካለ ከቤት ሮጣ መጣች፤ በጀርባዋ የመንገድ ቋጠሮ ታዝሏል። እሱን ጥላ ብቻዋን በበቅሎ ልትሄድ ተነሥታ ኖሯል።

«ነገርካቸው?» አለ።

«ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉ?»

አስካለን አየኋት። «እጠብቃለሁ አሉ» አልኩ።

ማንያዘዋል ዘይት የነካ እጁን ወደ ኋላ መልሶ፣ መካኒኮች ሰላም ሲሉ እንደሚያደርጉት ንጹሑን የክንዱን አንጓ ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት። «እንግዲያስ ሰው ነህ» አለኝ። አስካለም ቋጠሮዋን አውርዳ ፈታችው።

መሪጌታ በሁለተኛው ሳምንት ዐረፉ። አስካለ የደረሰችው ከተቀበሩ በኋላ ነው። እኔ ዓመቱ እስኪያልቅ አልጠበቅሁም፤ ጤናዬን ምክንያት አድርጌ ዝውውር ጠየቅሁና አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ገባሁ።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ አንድ ቀን ጠዋት እትዬ አስካለ ከሁለተኛው ፎቅ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። ቁጭ በይ ብላት አልተቀመጠችም።

«ለአባባ አርባ አንኮበር ሄድን» አለች። «ዝናቡ ሳይከብድ፣ በእሷ። ታርጋዋን አግኝተን ነበር። አገሩ በሙሉ ወጥቶ አየን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«አንድ የአባባ የቅርብ ዘመድ በብትሩ ጎማዋን እየነካካ፣ ‹መሪጌታ አይሠራም ብለው የሞቱት መኪና ይሄ ነው? እኔንም እንዲያ ብለውኛል፤ የተማረ ሰው ነው የነገረኝ ብለው› አለ። ሰው ፊት ነው። ማንያዘዋል ሲገባው አየሁት። አንተን እዚያው ስምህን ጠርቶ ያዋርድሃል ብዬ ጠበቅሁ።»

ጠረጴዛዬ ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች ሰበሰብኩ።

«‹ያኔ አይሠራም ነበር› አለ። ‹መምህሩ ያየውን ነው የተናገረው› አለ። ወደ ቤት ስንመለስ ለምን ዋሸህ አልኩት። ምን አለኝ መሰለህ? ‹የዚያን ሰው ስም በአባትሽ ደጅ ማንሣት ስለ ተጸየፍኩ ነው› አለኝ።»

ብዙ ጊዜ ይህን ይቅርታ ነው ብዬ ለመቀበል ፈልጌያለሁ። ሌላ ሰው ቢናገረው ኖሮ ይቅርታ እለው ነበር። ያን ሰው ግን አውቀዋለሁ፤ የተናገረው የተሰማውን ነው።

«የመጣሁት ጋዜጣህን ልመልስልህ ነው» አለች አስካለ። ከነጠላዋ ሥር የታጠፈ፣ ዳር ዳሩ የተላጠ ክምር አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «ግድግዳውን በኖራ አስቀብተነዋል።»

«እስከ አውቶቡስ ልሸኝሽ፣ እትዬ አስካለ።»

«ማንያዘዋል ታች ይጠብቀኛል።»

በመስኮቱ አየሁ። ጠባቡ መንገድ ዳር፣ በሁለት ትላልቅ መኪናዎች መካከል፣ ዝቅ ብላ ቆማለች። ቀይ ነበረች እላለሁ። የወንበሩ ጥቁር ለምድ ከላይ ይታያል። ማንያዘዋል በግራ በኩል፣ መሪው ላይ ሁለት እጁን አድርጎ ተቀምጧል። ዙሪያውን ሰው ከቧታል፤ አንዱ ሞተሯን አሳየን የሚል ይመስላል፤ እሱ አይመልስለትም። የትኛው መስኮት የእኔ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ አስካለ ከመግባቷ በፊት ዘበኛው ለሁለቱም ጠቁሟቸው እንደ ነበር በኋላ ነገረኝ። ወረቀት ብሎ ከታች እንዲጠራኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲስቅ ጠበቅሁ። በእውነት ፈለግሁ። ደረጃው ሩቅ አልነበረም፤ መውረድ እችል ነበር። አስካለ ወርዳ ከጎኑ ስትቀመጥ እኔ ገና እጄን መስኮቱ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር።

ቀና አላለም። ሞተሩን አስነሣ፤ አንገቱን ወደ ኋላ መልሶ የሚመጣ መኪና አለመኖሩን አየና፣ ቀኙን ይዞ ሄደ።